በደሴ አሮጌ ኩሽና ውስጥ ጡብ መገንባት፦ ከግድግዳው እስከ መጨረሻው ቅብ

ሐምሌ ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ከእናቴ ኩሽና ትልቅ ድምፅ ተሰማ። ሮጠን ስንገባ ከምድጃው ጀርባ የለጠፍነው ጡብ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ጡቡ አልተሰበረም። ሲሚንቶውም ከጡቡ አልለቀቀም። ከሲሚንቶው ጀርባ ግን ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ጭቃ፣ ከነጭዱ፣ ተያይዞ ወርዷል። የለቀቀው ግድግዳው ነው።

ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ቀን ቢሆን ግን እናቴ እዚያው ምድጃው ፊት ነበር የምትቆመው።

በነጋታው አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጠራን። ፍርስራሹን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ጡብ እግር ይፈልጋል። እናንተ አንጠለጠላችሁት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ ከዚህች ቃል የተነሣ ነው። እንደገና ከሠራነው ሦስት ክረምት አልፏል። አንድም ጡብ አልተነቃነቀም።

ይህን የምጽፈው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የወላጆቹን ወይም የአያቶቹን ቤት ኩሽና ሊያድስ ላሰበ ሰው ነው። ስልክ ላይ የምናያቸው ቆንጆ የጡብ ኩሽናዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በድንጋይ፣ በጡብ ወይም በኮንክሪት ግድግዳ ላይ ነው። የእኛ አሮጌ ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ ጭቃ ናቸው። ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል።

መጀመሪያ ግድግዳውን እወቁ

ጡብ ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ አንኳኩ። ድፍን ያለ፣ የሚውጥ ድምፅ ከሰጠ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ከቁምሳጥን ጀርባ፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ እጅ የምታህል ልስን አንሡ። ከሥሩ ጭድና ማገር ካያችሁ ጭቃ ነው። ድንጋይና ነጭ ኖራ ካያችሁ የድንጋይ ግንብ ነው። ግራጫና ክፍት ክፍት ያለው ደግሞ ብሎኬት ነው።

በብሎኬት ግድግዳ ላይ ብዙ ጭንቀት የለም። ቀለሙን ፍቃችሁ፣ ግድግዳውን በመዶሻ ጫር ጫር አድርጋችሁ፣ ስስ ጡብ መለጠፍ ትችላላችሁ። በድንጋይ ግንብ ላይም እንደዚያው ነው። ነገር ግን አሮጌ ግንብ በኖራ የተሠራ ከሆነ ኖራ ያለበት ቡኮ፣ ማለትም ጡብ የሚያያይዘውን የአሸዋ ድብልቅ፣ ተጠቀሙ። ድርቅ ያለ ሲሚንቶ ብቻ አትለጥፉበት። ከጣሊያን ጊዜ የቀሩ ቤቶች ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ልስኑን ቀስ ብላችሁ አንሡ። ከሥሩ የራሱ የቤቱ ጡብ ወይም ጥርብ ድንጋይ ሊወጣ ይችላል። እሱን አጽድቶ መተው አዲስ ጡብ ከመግዛት እጅግ ይበልጣል።

ጭቃ ከሆነ ግን በቀጥታ ምንም ነገር አትለጥፉበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ክረምት ከበጋ እንዲህ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ሁለቱ ሲጎተቱ የሚሸነፈው ደካማው ነው፣ ጭቃው። በዚያ ላይ ሲሚንቶው እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል። የታፈነ እርጥበት ጭቃውን ያላላል፣ ግድግዳውን ያቆመውን የባሕር ዛፍ እንጨት ደግሞ ያበሰብሳል።

ክብደቱንም አስቡት። የእኛ አገር የተለመደው ጡብ 25 በ12 በ6 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል። በ12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲገነባ ለአንድ ካሬ ሜትር 55 ጡብ ይፈጃል። ከነቡኮው ወደ 2 ኩንታል ይሆናል። 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ግድግዳ ብትሠሩ 15 ኩንታል ኩሽናችሁ ውስጥ አስገባችሁ ማለት ነው። ያን የሚሸከም መሠረት አሮጌ ጭቃ ቤት ውስጥ የለም።

ከኋላ ያለው አፈር

ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር ብዙ ቤት የተሠራው ዳገቱ ተቆርጦ ነው። ኩሽና ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው። ስለዚህ የኩሽናው የኋላ ግድግዳ ግማሹ ከአፈር ጋር ተደግፎ ይገኛል። የእናቴም እንደዚያ ነው። ለዓመታት ግድግዳው ሥር አረንጓዴ ነገር ይወጣ ነበር። እኛም በየዓመቱ ለመስቀል ቀለም ስንቀባበት ኖረናል።

እርጥበት ሳይቆም ጡብ መሥራት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ጡብ ውሃ ይስባል። የሳበው ውሃ ከአፈሩ ጨው ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲተን ጨው ፊቱ ላይ እንደ ዱቄት ይቀራል። ግንበኞች «ጡቡ ጨው አወጣ» የሚሉት ይህንን ነው። ሲበዛ የጡቡን ፊት ይልጠዋል።

ለመፈተሽ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ አንሡት። ጤዛው በግድግዳው በኩል ካለ እርጥበቱ ከአፈር ነው የሚመጣው። በእናንተ በኩል ካለ ደግሞ ከማሰሮው እንፋሎት ነው፣ መስኮትና ጭስ መውጫ ያስፈልጋችኋል።

ከአፈር ከሆነ ሥራው ውጪ ነው። ከቤቱ ኋላ ያለውን አፈር ከኩሽናው ወለል 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ቁረጡ። እዚያው ሥር ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ቦይ አውጡ፣ ጠጠር ሙሉበት። ውሃው ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይሄድ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከዚያ ቆርቆሮውን እዩ። አሸንዳ ከሌለው ይደረግለት። የደሴ ክረምት በአንድ ከሰዓት የሚያወርደው ውሃ ከክዳኑ ጫፍ ቀጥታ ግድግዳው ሥር ነው የሚወድቀው።

የቤቱ መሠረት አፈሩ ላይ የቆመ ከሆነ ወይም ከዳገቱ በላይ ሌላ ቤት ካለ ግን በራሳችሁ አትቁረጡ። መሐንዲስ አሳዩ። አፈር ሲናድ ሰው ይገድላል።

ይህን በጥቅምት ጨርሱ። ግድግዳው እስከ ኅዳር መጨረሻ ይድረቅ። የጡቡን ሥራ በታኅሣሥና በጥር ሥሩት። መጋቢት ከገባ በልጉ ሊይዛችሁ ይችላል።

ጡቡ የት ይሁን?

እዚህ ላይ አቋም አለኝ። ጡብ እሳት ባለበት፣ ውሃ በሚረጭበትና ዕቃ በሚጋጭበት ቦታ ይሁን። ከዚያ ውጪ ግድግዳው በኖራ ነጭ ሆኖ ይቅር። ኩሽና ሁሉ ጡብ ሲሆን ይጨልማል። የእኛ አሮጌ ኩሽናዎች ደግሞ መስኮታቸው ትንሽ ነው። ቀይ ጡብ ብርሃን ይበላል።

እኛ ሦስት ቦታ መረጥን። አንደኛው የባንኮኒው እግር ነው። ሁለተኛው የምጣዱ ጥግ። ሦስተኛው ከጋዝ ምድጃው ጀርባ ያለው ትንሽ ግድግዳ። ከባንኮኒው ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ክንድ የምትሆን ዝቅ ያለች መደብ አወጣን፣ ለጀበናና ለከሰል ምድጃ። እናቴ ከሁሉ የወደደችው ይቺን ነው። ለዓመታት ከሰሉን የምታስቀምጠው ሊሾው ላይ ነበር። ሊሾው ሙቀቱ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ተሰነጣጥቋል።

አቅማችሁ ለአንድ ቦታ ብቻ ከበቃ የባንኮኒውን እግር ሥሩ። ዝቅ ያለ ነው፣ አይወድቅም፣ ለጀማሪም ቀላል ነው።

ጡብ ሲገዛ

ሁለት ጡብ አንሡና አጋጩ። እንደ ብረት ቂል የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ የተቃጠለ ነው። ዱብ ካለ ጥሬ ነው። አንዱን ከወገባችሁ ከፍታ አፈር ላይ ልቀቁት። ጥሩ ጡብ አይሰበርም። በሚስማር ጫሩት። ሚስማሩ በቀላሉ ከገባ ተዉት።

የመጠጡን ነገርም ፈትሹ። አንዱን ደረቅ ጡብ ሚዛን ላይ አድርጉ። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ አሳድሩና እንደገና መዝኑት። 3 ኪሎ የነበረው ከ3 ኪሎ ከ600 ግራም በላይ ከሆነ ብዙ ይጠጣል። ለሲንክ አካባቢ አይሆንም።

ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጡብ ብታገኙ ደስ ይላል። ቀለሙ ለስለስ ያለ ነው፣ አንዱ ከሌላው ይለያያል። ነገር ግን በእጃችሁ እየመረጣችሁ ግዙ። በኖራ የተገነባ ከነበረ ቡኮው በመዶሻ ጫፍ በቀላሉ ይለቃል። በሲሚንቶ ከነበረ ጡቡን ይዞ ይሰበራል። ጥላሸት የጠጣውን ደግሞ ለኩሽና አትውሰዱ። ጥላሸት ላይ ምንም አይጣበቅም።

ከምትፈልጉት አሥር በመቶ ጨምራችሁ ግዙ። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ። በሌላ ጊዜ የሚመጣው ጡብ ቀለሙ አይመሳሰልም።

ከጡቡ በፊት ኤሌክትሪኩ

ጡብ ከተገነባ በኋላ ሽቦ ማስገባት ያስለቅሳል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ያ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ ሲቃጠል ያያችሁት ለዚህ ነው። ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ ጥግ ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በቱቦ ውስጥ፣ ከመሬት ሽቦው ጋር ይዘርጋ። የራሱ ብሬከር ይኑረው። ሥራውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ሶኬቱ ከምጣዱ በላይ ሳይሆን በጎን ይሁን፣ እንፋሎቱ እንዳያገኘው።

ቀና ብላችሁ ኮርኒሱንም እዩ። የማዳበሪያ ወይም የአቡጄዲ ኮርኒስ ከምድጃው በላይ ካለ ይነሣ። ከሥሩ ጡብ ማሳመር ኮርኒሱን ከእሳት አያድነውም።

መሠረቱ

ሊሾ መሠረት አይደለም። ውፍረቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከሥሩም የተደለደለ አፈር ነው ያለው። ጡቡ የሚያርፍበትን መሥመር ምልክት አድርጋችሁ ሊሾውን በግራይንደር ቁረጡ። 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ። ጥቁር ዋልካ ከወጣ ጠንካራ መሬት እስክታገኙ ወደ ታች ቀጥሉና በጠጠር ሙሉት፣ በደንብም ደብድቡት። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከላዩ ያለውንም ይዞ ይነሣል።

ወደ ቤቱ ግድግዳ ሥር ግን አትቆፍሩ። ከምሰሶዎቹ ራቁ።

ጉድጓዱ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ሙሉበት፦ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር። ለአንድ ሳምንት በውሃ አርጥቡት። ከዚያ ወፍራም ላስቲክ ከላዩ አንጥፉ። ጡቡ የሚጀምረው ከላስቲኩ በላይ ነው። ይህች ላስቲክ እርጥበቱን ከሥር ትዘጋለች። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ጥቅሟ ግን የሥራው ግማሽ ነው።

ቡኮው

አሸዋው ንጹሕ ይሁን። በሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ በኃይል ናጡትና አሳድሩት። ጠዋት ከአሸዋው በላይ የደለል ሽፋን ታያላችሁ። ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አሸዋው መታጠብ አለበት።

ድብልቁ 1 ባልዲ ሲሚንቶ፣ 1 ባልዲ ኖራ፣ 6 ባልዲ አሸዋ ነው። ብዙ ሰው ኖራውን ይተወዋል። አትተዉት። ኖራ ቡኮውን ያለሰልሰዋል፣ ውሃውን ይይዝለታል፣ ከጡቡም ጋር አብሮ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ብቻ ሲሆን ቡኮው ከጡቡ ይጠነክራል። ያን ጊዜ የሚሰነጠቀው ጡቡ ነው። የተሰነጠቀ ቡኮ ይጠገናል፣ የተሰነጠቀ ጡብ ግን አይጠገንም።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው አስቀድሞ የበረደና የደቀቀ፣ በከረጢት የሚሸጠው ኖራ ነው። ከዋዜማው በውሃ ዘፍዝፋችሁ እንደ እርጎ አድርጉት። ያልበረደ ድንጋይ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይንም ያጠፋል። እሱን ልምድ ላለው ሰው ተዉት። የትኛውንም ኖራ ስትነኩ ጓንትና መነጽር አድርጉ።

ቡኮው የግንበኛ ማንካ ላይ ሲያዘነብሉት ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ይሁን። በሁለት ሰዓት ውስጥ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ አቡኩ። የደረቀ ቡኮ ላይ ውሃ ጨምራችሁ እንደገና አታላሉት። ጉልበቱ አልቋል። አንድ የ50 ኪሎ ሲሚንቶ በዚህ ድብልቅ ቢያንስ 5 ካሬ ሜትር የግማሽ ጡብ ግንብ ይወጣዋል።

ግንባታው

በመጀመሪያ ጡቡን ካለ ቡኮ ደርድሩት። ጣት በጣት ክፍተት እየተዋችሁ ከጫፍ ጫፍ አስኬዱት። የት እንደሚቆረጥ ያን ጊዜ ይታያል። ቁራጩ ጥግ ላይ ከሚታይ ይልቅ ከግድግዳው አጠገብ ይደበቅ።

ከዚያ የጡቡን ጥም ፈትሹ። ጡቡ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አክብቡ። በክቡ ውስጥ 20 ጠብታ ውሃ አድርጉና ሰዓት ያዙ። ከአንድ ደቂቃ ተኩል በፊት ጠጥቶ ከጨረሰ ጡቡ ጠምቶታል። ከመገንባቱ በፊት ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም አውጡት፣ ላዩ እስኪደርቅ አሳርፉት። የጠማው ጡብ የቡኮውን ውሃ ይመጠዋል። ቡኮውም ሳይጠነክር ደርቆ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ላዩ እርጥብ የሆነ ጡብ ደግሞ ይንሸራተታል። መካከሉን ነው የምትፈልጉት።

ከሁለቱ ጥግ ጀምሩ። ጥጎቹን ሦስት ሦስት ረድፍ አንሡ፣ በቱንቢና በውሃ ልክ አስተካክሉ። በመካከላቸው ሲባጎ ወጥሩ። ከዚያ በሲባጎው ልክ ሙሉት። የላይኛው ጡብ የታችኛውን ሁለት ጡብ መጋጠሚያ መሸፈን አለበት። መጋጠሚያዎች በአንድ መሥመር ቀጥ ብለው ከወጡ ግንቡ የሚሰነጠቀው በዚያው ነው። መጋጠሚያው 1 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የጡቡን ጎን ቡኮ መቀባት አትርሱ። ሰነፍ ግንበኛ ከፊት ብቻ ይሞላና ውስጡን ባዶ ይተወዋል።

በአንድ ቀን ከ1 ሜትር ከ20 በላይ አታንሡ። ሥር ያለው ቡኮ ገና ለስላሳ ነው፣ ክብደት ያስወጣዋል።

የባንኮኒ እግር ለመሥራት ከግድግዳው ወደ ፊት የሚወጡ ሦስት አጫጭር ግንቦች በቂ ናቸው። ከፍታቸው ከ80 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከላያቸው 7 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ኮንክሪት ከ8 ሚሊ ፌሮ ጋር ይፈስሳል፣ ወይም እብነ በረድ ይቀመጣል። በአንድ ግንብና በሌላው መካከል ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ አትተዉ። ከቤቱ ግድግዳ በ3 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። ክብደቱ ሁሉ በራሳቸው እግር ላይ ነው። ሽማግሌው ያሉት ይህንን ነበር።

የምጣዱ ጥግ ከፍ ይላል፣ እስከ 1 ሜትር ተኩል። እሱን ቀጥ ያለ ግድግዳ ብቻ አድርጋችሁ አታቁሙት። በሁለቱ ጫፍ ወደ ፊት አንድ አንድ ጡብ ተኩል ይታጠፍ፣ እንደ «በ» ቅርጽ። መታጠፉ ራሱን ያስደግፈዋል። በተጨማሪ በየ40 ሳንቲ ሜትር ከፍታው ላይ ዚንክ የተነከረ የብረት ጠፍር በቡኮው ውስጥ አስገቡ። ሌላውን ጫፍ ምሰሶው ላይ በሚስማር ምቱት። ጭቃው ላይ አይደለም፣ ምሰሶው ላይ።

ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ ጎድቷታል። ካራቆሬ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ናት። ያልታሰረ ጡብ በመንቀጥቀጥ ጊዜ መጀመሪያ የሚወድቀው ወደ ሰው ነው።

በጡቡና በጭቃው መካከል የተዋችሁት ክፍተት ሌላም ጥቅም አለው። ጡብ ራሱ አይቃጠልም፣ ሙቀት ግን ያሳልፋል። በየሳምንቱ ሲግል የኖረ ደረቅ እንጨት ቀስ በቀስ እየከሰለ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ሊቀጣጠልም ይችላል። በክፍተቱ አየር ሲያልፍ ሙቀቱን ይወስደዋል። ስለዚህ ከሥር ሁለት ሦስት መጋጠሚያ ያለ ቡኮ ተዉ፣ ከላይም አትድፈኑት። ሁለቱም ላይ የብረት ወንፊት አድርጉበት። አለበለዚያ ያ ክፍተት የአይጥ ሰፈር ይሆናል።

ከጋዝ ምድጃው ጀርባ

እዚህ ቦታ ሙሉ ጡብ አያስፈልግም። ጡቡን በግራይንደር ሁለቱን ረዣዥም ጎኖች 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል አድርጋችሁ ቁረጡ። ከአንድ ጡብ ሁለት ፊት ይወጣል። ስለዚህ ለአንድ ካሬ ሜትር 28 ጡብ ይበቃል። ክብደቱም ከነቡኮው 60 ኪሎ ቢሆን ነው። ቆረጣውን ውጪ፣ ጡቡን እያረጠባችሁ ሥሩት። የደረቀው ጡብ አቧራ ሳንባ ይጎዳል። ተራ ጨርቅ አያግደውም፣ ደህና ማስክ አድርጉ።

ግድግዳው ብሎኬት ወይም ድንጋይ ከሆነ ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽና በሳሙና አጥባችሁ ለጥፉ። ጭቃ ከሆነ ግን ያው ሕግ ነው። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው፦ ባንኮኒው የሚያልቅበት የኮንክሪት ጠርዝ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የሲሚንቶ ሰሌዳ አቆምን። ሥሩን ባንኮኒው ላይ አሳረፍን፣ ላዩን በጠፍር ከምሰሶዎቹ ጋር አሰርን። ስሱ ጡብ የተለጠፈው ሰሌዳው ላይ ነው። ጭቃው ከኋላ እንደ ልቡ ያብጥ፣ እንደ ልቡ ይሰብሰብ። ጡቡን አይነካውም።

ከታች ወደ ላይ ለጥፉ። ጠዋት ጀምራችሁ ከሰዓት መጋጠሚያውን ሙሉ። አውራ ጣት ስትጫኑት ምልክት የሚይዝ፣ ግን የማይጣበቅ ሲሆን በቀጭን ቱቦ እየተጫናችሁ ወደ ውስጥ ጎድጎድ አድርጉት። በጣም ጥልቅ አታድርጉት። የቁሌት ዘይት እዚያ ይከማቻል፣ ማጽዳቱም ፈተና ነው።

ማድረቅ፣ በደሴና በኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙም አይርቅም፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፣ አየሩም ሞቃት ነው። እዚያ ቡኮ በፍጥነት ይደርቃል። ሥራውን በማለዳ ጀምሩ። ግንቡን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ርጩበት፣ ለሰባት ቀን። ደሴ ላይ ችግሩ ብርዱ ነው። የታኅሣሥ ሌሊት ቡኮውን ያዘገየዋል። ማታ ማታ ደረቅ ጆንያና ላስቲክ አልብሱት፣ ውሃውን ቀን ላይ ብቻ ርጩ። እንዲደርቅ ብላችሁ አጠገቡ ከሰል አታንድዱ። ፊቱ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድልም የታወቀ ነው።

ማጽዳትና መቀባት

ጡቡ ላይ የፈሰሰ ቡኮ በሁለተኛው ቀን በእንጨት ቁራጭ ተፍቆ ይነሣል። አሲድ አትጠቀሙ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ነጭ ዱቄት ከወጣ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። በውሃ ካጠባችሁት ጨው ተመልሶ ይገባል፣ ነገ ደግሞ ይወጣል። አዲስ ግንብ ላይ ትንሽ መውጣቱ ያለ ነው። ከዓመት በኋላም ከቀጠለ ግን ከኋላ ውሃ አለ፣ ቦዩን እዩ።

ቅብ ከመቀባታችሁ በፊት 28 ቀን ጠብቁ። የባንኮኒውን እግርና የምጣዱን ጥግ እኛ ምንም አልቀባንም። ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግን መቀባት የግድ ነው። ያልተቀባ ጡብ ላይ አንድ ጠብታ የበርበሬ ዘይት ብታደርጉ በዓይናችሁ እያያችሁ ሲሰርግ ይታያል። ጠርዙ ይሰፋል፣ ቢጫ ክብ ሠርቶ ይቀራል። ሳሙናም ቢሆን አያወጣውም። ትርፍ ቁራጭ ላይ ሞክሩት።

በውሃ የሚቀጥን፣ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ምረጡ። ሁለት ጊዜ፣ ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡ። የዘይት ቫርኒሽ ጡቡን እንደ ላስቲክ ያሽገዋል፣ ቀለሙንም ያጠቁረዋል። ቀሪውን የጭቃ ግድግዳ ደግሞ በኖራ ቀቡት። ኖራ ያስተነፍሳል፣ ሻጋታ አይወድም፣ ከቀይ ጡብ አጠገብም ነጭነቱ ይጎላል። የፕላስቲክ ቀለም ጭቃ ላይ ከሁለት ክረምት በኋላ እንደ ቆዳ ይላጣል።

ምጣዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩ ለአንድ ሁለት እንጀራ ብቻ አሙቁትና አጥፉት። በማግስቱ ትንሽ ጨምሩ። በሦስተኛው ቀን እንደ ልባችሁ ጋግሩ። ቡኮው ውስጥ የቀረው እርጥበት በአንድ ጊዜ ከፈላ መጋጠሚያውን ይሰነጥቀዋል።

እኛ ቤት በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ አካፋ ይዘን ከኋላ እንወጣለን። ቦዩ ውስጥ የገባውን ቅጠልና አፈር እንዝቃለን፣ አሸንዳውን እንጠርጋለን። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እናቴ እስክንጨርስ ቡናውን በጡቡ መደብ ላይ ታፈላለች።